የተቆጡት ይደብቃል

እትየ ዘሀራ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ስልክ ሲመጣ ሲጠፋ በከረመበት ሰሞን ስለነበር ልጃቸው ከድጃ ከኩታበር ደጋግማ ብትደውልም አላገኘችኝም። ኔትወርኩ በተመለሰ ቀን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደወል ተደውሎ ስወጣ መልእክቱን አየሁት። «እማ ወደ አኼራ ሄደች። አፉ በይኝ ስንዱ፣ በጊዜው ልነግርሽ አልቻልኩም» ይላል።

አላለቀስኩም። ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ገብቼ አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን አላስታውስም። ስመለስ በእሳቸው ደጅ አለፍኩ። ቤቱን አሁን ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ በረንዳው ላይ የማላውቀው የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ ነበር። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ።

ስለ እኚህ ሴት ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ የምጀምረው ከውሻ ነው። ሰው ይስቃል። እሳቸውም ቢሰሙ ደስ የሚላቸው አይመስለኝም፤ የሸህ ልጅ ናቸውና። ግን ሌላ መጀመሪያ የለኝም። ከውሻው በፊት ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ነበሩ፤ በእነዚያ ስምንት ዓመታት ከሰላምታና ከዓመት በዓል ያለፈ ነገር አልነበረንም። እንደ ማንኛውም ጎረቤት እንዴት አደራችሁ እንባባላለን፤ በረመዳን እኔ እጠይቃቸዋለሁ፣ በፋሲካ እሳቸው ይጠይቁናል። ያወቅኋቸው በአንድ ክረምት ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በዚያ ክረምት መግቢያ እማዬ ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከመታት ዓመት ሊሞላት ነበር። አልጋዋን ወደ ሳሎን አውጥቼላት፣ ግድግዳ ተደግፋ ቀኑን ሙሉ በሩን እያየች ትውላለች። ምላሷ ስለከበደ መናገር ታፍራለች። የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ነጠላዋን እስከ አፏ ትስበዋለች፤ እንግዳው ሲሄድ ታወርደዋለች። ልጆች የሉኝም፤ ባልም የለኝም። ጠዋት አብልቼያት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ እሷ፣ እንዲህ ነበር ኑሮዬ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፤ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ዝናብ ይጥላል፤ የታጠበ አይደርቅም።

ወንድሜ ግዛው አዲስ አበባ የውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ሾፌር ነበር። አሠሪዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ውሻቸው ከወለደቻቸው ቡችሎች አንዱን ሰጡት። እሱም እማዬን ሊጠይቅ ሲመጣ በካርቶን ይዞት መጣ። ከድመት አይበልጥም። ነጭ ጸጉሩ ዓይኑን ሸፍኖታል፤ እግሩ ከማጠሩ የተነሳ ሲሄድ ሆዱ መሬት ይጠርጋል። እኛ አገር ውሻ የሚያድረው ደጅ ነው፤ ሥራውም መጮህ ነው። ይሄኛው ጅብ ቢመጣ የሚውለው ለቁርስ ነው ብዬ ወንድሜን ልቆጣው አፌን ስከፍት እማዬ ሳቀች።

ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሳቅ ነው፤ ግን ሳቅ ነው። ቡችላውን ደረቷ ላይ ሲያስቀምጥላት በደህናው እጇ ጸጉሩን ከዓይኑ ላይ ገለጥ አድርጋ አየችውና «ድንቡሽ» አለችው። ‹ድ› ላይ ትንሽ ተደናቀፈች። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ። በማግስቱ እሱ በሚኒባስ ተመለሰ፤ ድንቡሽ ቀረ።

ያላሰብኩት ሽንቱን ነው። ሳሎኑ ሊሾ ነው፤ ላዩ ላይ የላስቲክ ምንጣፍ አለበት። ድንቡሽ ምንጣፉን ወደደው። ጠዋት ስነሳ አንዱ ጥግ እርጥብ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሌላው ጥግ። ደጅ አውጥቼ ሳቆመው ጭቃውን አይቶ አንዷን እግሩን ያነሳል፤ ይንቀጠቀጣል፤ በሩ ሲከፈትለት ሮጦ ይገባና እፊቴ፣ ምንጣፉ መሐል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ይሸናል። በረኪና አፈሰስኩ። ቤቱ የበረኪናና የሽንት ድብልቅ ሸተተ። አንድ ጊዜ ሌሊት ውጭ እንዲያድር ባደርገው እሱም አለቀሰ፣ እማዬም አለቀሰች፤ አስገባሁት።

ከዚያ መምታት ጀመርኩ። ውሻ የሚለምደው እንዲህ ነው ብሎ ሰው መክሮኝ አፍንጫውን እርጥቡ ላይ እየደፈቅሁ በነጠላ ጫማ እመታዋለሁ። ሲጮህ ድምፁ እንደ ሕፃን ነው። «ስንቴ ልንገርህ! ስንቴ ላጽዳልህ!» እለዋለሁ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና ታያለች። አንድም ቀን ተይው አላለችኝም፤ ዓይኗን ግን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ያኔ ልብ አላልኩትም። ሲመታ ምንጣፉን ተወው፤ ከአልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ እጄ በማይደርስበት ቦታ ያደርገው ጀመር። ተማረ ብዬ ሳስብ ከሁለት ቀን በኋላ ሽታው ይነግረኛል።

እትየ ዘሀራ የመጡት ከእነዚህ ቀናት በአንዱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የቡችላውን ጩኸት በአጥሩ ሰምተው ይሆናል። በሩ ላይ ቆሙ። ስድሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቀጭን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሲቆሙ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያሳርፋሉ። መናገር ሲፈልጉ አስቀድመው የሻሻቸውን ጫፍ ከጆሯቸው ኋላ ያስገባሉ። ያንን ሲያደርጉ አውቃለሁ፤ አንድ ነገር ይመጣል።

«ስንዱ፣ ጫማውን አስቀምጪው» አሉኝ። ድምፃቸውን አላነሱም። አስቀመጥኩት።

«ያዢልኝ እሱን፤ ልብሴን እንዳይነካብኝ፤ ሰላት አለብኝ» አሉና የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ገብተው እማዬ አጠገብ ተቀመጡ። እማዬን «ጥሩዬ» ነው የሚሏት፤ ጥሩወርቅ ስለሆነ ስሟ። አፊያዋን ጠየቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ያንን ነገር ነገሩኝ።

እትየ ዘሀራ አባታቸው ወግዲ ውስጥ ቁርአን እያስቀሩ ልጆች ያስተምሩ የነበሩ ሸህ ናቸው። እሳቸው ግን ባላቸው ቀድሟቸው ስለሞተ ከድጃን ያሳደጉት ሐኪም ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ሥራ በጀመሩበት ሰሞን አንድ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ በሽተኛ አንሶላ አበላሸ። ወጣት ነበሩ፣ ደክሟቸዋል፣ የዚያን ቀን ሦስተኛው አንሶላ ነው፤ ተቆጡት። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አላስቸገራቸውም። በአራተኛው ቀን አልጋው ሸተተና ሲገለጥ እርጥቡን ጨርቅ አጣጥፎ ከሥሩ እያደረገ ይተኛበት ኖሯል። ጀርባው ተላልጧል።

«የተቆጡት ይደብቃል፤ የደበቁት ይገማል» አሉኝ። «ይሄ እንስሳ ሽንቱ ክፉ ነው አላልሽውም። አንቺ ክፉ ነሽ ብሎ ነው የተማረው። አንቺ በሌለሽበት መሽናት ደህና ነው ብሎ ያስባል።»

ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋቸው። ያልኩት በንዴት ነበር። ይውሰዱትና ያስተምሩት እንደማለት። እሳቸው ግን እንደ እውነተኛ ጥያቄ ወሰዱት። «ነገ እሑድ ነው» አሉ፤ «ነገ ምንም አታስተምሪው። ተቀምጠሽ እይው። መቼ መቼ እንደሚያደርገው ብቻ ንገሪኝ።»

እሑድን ሙሉ ቡችላ ሳይ ዋልኩ። እሳቸው አጥሩ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ይጠይቁኛል፤ እኔ ከበረንዳዬ እመልሳለሁ። ከእንቅልፉ እንደነቃ። እንደበላ። የእማዬ አልጋ ላይ ተጫውቶ ሲወርድ። ሊያደርግ ሲል ደግሞ እያሸተተ ይዞራል። «ሰዓቱን እየነገረሽ ነው» አሉኝ ወደ ማታ። «አንቺ አልሰማሽውም እንጂ።»

ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ሰጡኝ። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ከማድቤቱ ኋላ፣ ጣሪያው ወጣ ብሎ ዝናብ የማያገኘውን ደረቅ መሬት። አመድ ነሰነስኩበት። እሱ የሸናበትን አንድ ጨርቅ ሳላጥብ እዚያ አስቀመጥኩ፤ አፍንጫው ቦታዬ ነው እንዲለው። በረኪናውን ተይ አሉኝ፤ «በረኪናው ሽታውን ያጠፋው ላንቺ እንጂ ለእሱ አይደለም»። በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በኋላም በሎሚ ማጠብ ጀመርኩ። ከእንቅልፉ ሲነቃ ተሸክሜው እወጣለሁ፤ ሲበላ እወጣለሁ፤ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ሲያደርግ «ጎበዝ» እለዋለሁ፤ አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ እሰጠዋለሁ። እዚያው ነው የምሰጠው፤ ቤት ገብቼ ከሰጠሁት ለመግባቱ የተሸለመ ይመስለዋል ብለውኛል።

በሳምንት ይለመዳል ብዬ ነበር። ድንቡሽ ግን ሰነፍ ተማሪ ሳይሆን እልኸኛ ነው፤ አስተማሪ የሆነ ሰው ሁለቱን ይለያቸዋል። አመዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። እኔ ጃንጥላ ይዤለት እቆማለሁ። ዝናቡ ከጎን እየመታኝ፣ የማርመው የተማሪ ወረቀት ቤት እየጠበቀኝ፣ በመንገድ የሚያልፉ ወላጆች አስተማሪዋ ለውሻ ጃንጥላ ይዛ ሲያዩ ሳቃቸውን እየዋጡ ሰላም እያሉኝ እቆማለሁ። እሱ ያዛጋል። እንገባለን። የእማዬ አልጋ እግር ሥር ያደርገዋል።

እጄ ወደ ጫማው የሄደበት ቀን ብዙ ነው። እትየ ዘሀራ ፊቴን አይተው ያውቃሉ። «ትናንት ስንት ጊዜ ውስጥ አደረገው?» ይሉኛል። አምስት እላለሁ። «ከትናንት በስቲያስ?» ስድስት። «ታዲያ አብሽሪ፤ አንዱ ቀንሷል።» በማግስቱ ሰባት ሲሆን ደግሞ አይጠይቁኝም።

ችግሩ ጠዋት ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ እማዬ መነሳት አትችልም። ቡችላው በአራት ሰዓት ገደማ ከእንቅልፉ ይነሳል። እትየ ዘሀራ ይህን ሲሰሙ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉና በማግስቱ ገመድ ይዘው መጡ። ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ሸንበቆ አስረውበታል፤ ሸንበቆውን ሲይዙ ውሻው ሦስት ክንድ ይርቃቸዋል። ለዚሁ ብለው አንድ አሮጌ ቀሚስ ለዩ፤ ከእኛ ቤት ሲመለሱ አውልቀው፣ ታጥበው ለቀትሩ ሰላት፣ ለዝሁር፣ ይዘጋጃሉ። በየቀኑ በአራት ሰዓት እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው፣ እማዬን አጫውተው፣ ያንን የፈረንጅ ውሻ በሸንበቆ ወደ አመዱ ይወስዱታል። በሕይወታቸው አንድም ቀን አልነኩትም።

ሰው ማውራቱ አልቀረም። የባላቸው ወንድም አንድ ቀን መጥተው የሸህ ልጅ ውሻ ትጎትታለች ይባላል ብለው አዝነው ተናገሩ። እኔ አጥሩ ወዲህ ልብስ እያሰጣሁ ሰማሁ። እትየ ዘሀራ አልተከራከሩም። «ቤቴ አላስገባሁትም፣ አልነካሁትም፤ የምገባው የታመመች ጎረቤት ልጠይቅ ነው፤ እሷ የምትስቀው በእሱ ነው፤ ይህን አላህ ያየዋል፤ እርስዎም ቢገቡ ደስ ይላታል» አሏቸው። ሰውዬው ሊሄዱ ሲነሱ እማዬ እንዴት እንደሆነች ጠየቁ። በሳምንቱ አንድ ኩባያ ማር ይዘው በራችን ድረስ መጡ።

አሁን ደግሞ ለመናገር የማልወደውን እናገራለሁ።

ነሐሴ ላይ ነው፤ የክረምት ትምህርት የምናስተምርበት ጊዜ። ቀትር ላይ ስመለስ እትየ ዘሀራ እቤት ሳይሆን በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ለሰላት ሄደው ነበር የሚሆነው። ውሻው እንደገና አጥፍቶ መስሎኝ ገና ሳይናገሩ ተነፈስኩ። በምልክት ወደ ማድቤቱ ኋላ ጠሩኝ። ሻሻቸውን አልነኩም፤ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው።

«ከጥሩዬ ፍራሽ ሥር እርጥብ ጨርቅ አገኘሁ» አሉኝ። «ሦስት ናቸው። አንዱ የቆየ ነው።»

የድንቡሽ ነው አልኳቸው።

«የድንቡሽ አይደለም።»

ወዲያው አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። ጠዋት ጠዋት እኔ በሌለሁበት እማዬ ሽንቷ ያመልጣታል። ይህ እንደጀመራት እኔ አላውቅም ነበር። በአንድ እጇ ጨርቁን ከሥሯ ጎትታ፣ አጣጥፋ፣ ፍራሹን አንስታ ትደብቀዋለች። በደህናው እጇ። ያንን ስታደርግ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት አላውቅም። ቤቱ ለምን እንደሚሸት ስፈልግ የኖርኩት ከቁም ሳጥኑ ኋላ ነበር፤ ሽታውን ሁሉ በቡችላው አመካኝቼ።

«እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኛለች» አሉ እትየ ዘሀራ። «ሁለት ቀን ቻልኩት። ዛሬ ጀርባዋን ሳይ መቅላት ጀምሯል። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ አላህ አፉ ይበለኝ።»

«ለምን ደበቀችኝ?» አልኳቸው። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ መልሱን አወቅሁት። ያንን ጫማ ሳነሳ በየቀኑ ያየችኝ እሷ ናት። ስንቴ ላጽዳልህ ብዬ ስጮህ የሰማችው እሷ ናት።   እትየ ዘሀራ የአመዱን ዳር በእግራቸው ሰብሰብ አደረጉና «ግቢ እንግዲህ» አሉኝ። «ስትገቢ ግን ፊትሽን አስተካክይ። የምታየው እሱን ነው።»

ገባሁ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ አልወጣኝም። እማዬ ስታየኝ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበችው፤ ለእንግዳ እንደምታደርገው። ያቺን አልረሳትም። ውኃ አሞቅኩ። አጠብኳት። ጀርባዋ ላይ የመዳፍ ያህል ቀይ ቦታ ነበር፤ ገና አልተላጠም። ጨርቆቹን ከፍራሹ ሥር ሳወጣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሌላ ሌላው አወራሁ። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ከፈተች።

እትየ ዘሀራ ከሰዓት ከቤታቸው ፖፖ ይዘው መጡ፤ ለራሳቸው ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አስቀድመን የተማርነው ያህል ሆነልን። በየሁለት ሰዓቱ እንጠይቃታለን፤ እስክትጠይቅ አንጠብቅም። ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ስትበላ። በአራት ሰዓት እሳቸው፣ ቀትር ላይ እኔ። ሳንደርስላት በቀረንበት ሰዓትም ቢሆን ፊታችን አይለወጥም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከበደ ነበር። ደክሞሽ፣ ልብስ ሳይደርቅልሽ፣ ፊትን መያዝ ሥራ ነው። አንዳንድ ቀን ማድቤት ገብቼ ፊቴን እዚያ አጥቁሬ፣ አስተካክዬ እመለስ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ሳንጠይቃት፣ እማዬ በእጇ ወደ ፖፖው ጠቆመች። በጊዜው ደረስን። ስጨርስላት ተደግፋ ተቀመጠችና በዚያ በከበደ ምላሷ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ «ጎበዝ አትይኝም?» አለችኝ። እትየ ዘሀራ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ የዳቦ ፍርፋሪ ሰጠኋት። ወስዳ በላችው።

ድንቡሽም ለመደ። ዝናቡ ሊያበቃ አካባቢ ነው፤ አንድ ቀትር ደክሞኝ ተጋድሜ በሩን ሲቧጥጥ ሰማሁት። ተነስቼ ከፈትኩለት። በራሱ እግር ጭቃውን ተሻግሮ ወደ አመዱ ሄደ፤ አደረገና ተመለሰ። ለሁለት ወር የጠበቅሁት ነገር ነው። ልደሰት አስቤ ነበር፤ በሩን ዘግቼ ተመልሼ ተጋደምኩ። አንድ ነገር ብቻ እስከ መጨረሻው አልተወም። እትየ ዘሀራን ሲያይ ከደስታው ብዛት በር ላይ ያመልጠው ነበር። እሳቸውም ጫማቸውን አጥሩ ላይ ባለ ምስማር ሰቅለው በባዶ እግራቸው እርጥቡን ዳር ዳሩን እየዞሩ ይገባሉ። ይህን አስተምሪው አላሉኝም።

እማዬ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ኖረች። ጀርባዋ አልቆሰለም። ስትቀበር እትየ ዘሀራ በዚያ ጉልበታቸው አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኙ፤ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስክንወጣ ጠበቁኝ። ድንኳኑ እስኪነሳ በየቀኑ መጡ። አላጽናኑኝም፤ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ብዙ ሳይቆይ የእሳቸውም እግር እምቢ አለና ከድጃ መጥታ ወደ ኩታበር ወሰደቻቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ እጄን ይዘው «አሁን ተኚ፤ ደክሞሻል» አሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው።

መልእክቱን ካገኘሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት ለለቅሶ ሄድኩ። ደሴ አድሬ በጠዋት ኩታበር ደረስኩ። ከድጃን ድሮ በበዓል ስትመጣ ነበር የማውቃት፤ ቆንጆ፣ ሳቂታ ነበረች። በሩን የከፈተችልኝ ሴት ከስታለች። ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ሳይ ወዲያው አወቅሁት፤ ያ የእኔ ፊት ነው፤ የዚያ ክረምት ፊቴ።

የመጨረሻዎቹን ሰባት ወራት አልጋ ላይ እንደነበሩ ነገረችኝ። ባሏ ሩቅ ስለሚሠራ ብቻዋን ነበረች። «እማ ግን አልደበቀችኝም» አለች። «አንድም ቀን። ከድጃ ነይ፣ አምልጦኛል ትለኛለች፤ ልክ ውኃ ስጪኝ እንደማለት። እኔ ነበርኩ የማፍረው።» እጇን እያየች ቀጠለች። «ስላንቺ ሁልጊዜ ታወራ ነበር። ስንዱ እናቷን ስታስታምም አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችባትም፤ አንድ ቀን እንኳ ድምጿን አላነሳችም ትለኛለች። እንደሷ ሁኝ ትለኛለች።»



«እኔ እንደሷ አልሆንኩም» አለች ከድጃ።  «አንድ ቀን ጮህኩባት። ከመሞቷ በፊት በነበረው ወር። ሌላ ልብስ አልነበረም፣ ሁሉም እርጥብ ነበር፤ ስንቴ ልጠብ ብዬ ጮህኩባት። እሷ ምንም አላለችኝም። ስንዱ ብትሆን እንዲህ አታደርግም እያልኩ ነው ያለሁት እስከ ዛሬ።»

እትየ ዘሀራ ያንን ሁሉ ያውቁ ነበር። ጫማውን ከእጄ ያስጣሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ጨርቁን ከፍራሹ ሥር ያገኙት እሳቸው ናቸው። ለልጃቸው ግን ከዚያ ሁሉ አንዱንም አልነገሯትም፤ ነውሬን ሸፍነው ደህናዋን ስንዱን ብቻ ነገሯት። ለእኔ ብለው ይሁን ለእሷ፣ አላውቅም። ዝም ብል እሸፈን ነበር። ከድጃ ግን በእኔ ምክንያት እንቅልፍ አጥታ ነው የከረመችው።

ስለዚህ ነገርኳት። ስለ ቡችላው፣ ስለ ነጠላ ጫማው፣ እማዬ ከአልጋዋ ሆና እንዴት ታየኝ እንደነበር፣ በአንድ እጇ ስለደበቀቻቸው ሦስት ጨርቆች። ነጠላዋን እስከ አፏ እንደሳበችብኝ ነገርኳት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከድጃ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ታዲያ ለምን እንዲህ አለችኝ?» አለች ስጨርስ።

«አላውቅም» አልኳት። «አይተውኛል ግን። ሁሉንም አይተውብኛል።»

ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች፤ ብዙ አለቀሰች። እኔም መልእክቱን ካነበብኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ሲበቃን ተነስታ እጇን ታጥባ ሽሮ ሠራች፤ ለእኔ የሚሆን ሥጋ ቤቱ ውስጥ ስለሌለ ይቅርታ ጠየቀችኝ። በአንድ ትሪ በላን። ወደ ደሴ የሚመለሰው ሚኒባስ እየጠራ በመንገዱ አለፈ፤ ሁለታችንም ሰማነው። ከድጃ ፍራሽ አነጠፈችልኝ። በማዶው አልጋ እሷ፣ በፍራሹ እኔ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛን።